ሦስት ከአሥር፤ ግን በፍቅር

ሰው በዚህች ምድር ላይ አንድ ነገር ሠርቶ ቀና ባለ ቁጥር፣ ከጎኑ ቆሞ አንገቱን ዘመም የሚያደርግ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ሥሩ፣ ሹራብ ሥሩ፣ ልጅ ውለዱ፤ እሱ እዚያው አለ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ "ጥሩ ነው... ግን" ይላል። ከዚያች "ግን" በኋላ የሚመጣውን እግዜር ይወቀው። እናንተም ከእነዚህ ሰዎች አንድ ሁለቱን ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ አግብታችኋቸዋል።

የኖቪ ሳድ ከተማ ሌቭል ሠሪዎች ግን ከዚህ ዘር ቁንጮው ነው የደረሳቸው፤ ክቡር ፕሮፌሰር ስቬቶዛር፣ ሊቀ ሐያስያን፣ የከርሰ ምድር ሁሉ የበላይ ተመልካች።

ሌቭል ሠሪ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገራችሁ። ድሮ አንድ የኮምፒውተር ጌም ነበር፤ ፋኖስ የያዘ ሰውዬ ከመሬት በታች እየተሽሎከለከ የተቀበረ ሀብት የሚፈልግበት። የሠራው ድርጅት ከከሰረ ቆይቷል፣ ጌሙ ግን አልሞት አለ። የሚወዱት ሰዎች ከሥራ መልስ ቁጭ ብለው በገዛ እጃቸው አዲስ ዋሻ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት፣ አዲስ ወጥመድ እየሠሩ ይጨምሩበታል። እያንዳንዱ አዲስ ቦታ ሌቭል ይባላል። ማንም አይከፍላቸውም፤ ቤተሰቦቻቸውም ምን እንደሚሠሩ በቅጡ አያውቁም። የአውቶቡስ ሹፌሩ የኔቦይሻ እናት ዛሬም ድረስ "ልጄ በድብቅ አርክቴክት ሊሆን እያጠና ነው" ብለው ለጎረቤት ያወራሉ።

እነዚህ ሰዎች በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ዓሣ ቤት ይሰበሰባሉ። ውጭ የዓሣ ሾርባው በትልቅ ድስት ቀልቶ ይንተከተካል፤ ውስጥ ግድግዳው ላይ ስክሪን ይሰቀላል። ለፕሮፌሰሩ ቀደም ብሎ ቤታቸው የተላከላቸው ሌቭል ይከፈትና ሕዝብ ፊት እየዞሩበት ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ሠሪው አጠገባቸው ይቀመጣል። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ሠሪ አይናገርም። "ማንሻው እዚያ ጋ ነው" ማለት የለም። ማቃሰት እንኳ ያስጠይቃል። አፉን የከፈተ ሠሪ ለጠረጴዛው ሁሉ ሾርባ ይጋብዛል። ሕጉ ደግሞ ልክ ነው፤ ሌቭሉ ዓለም ላይ ከተበተነ በኋላ ሠሪው ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጀርባ ቆሞ "እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው" ሊል አይችልማ።

ፕሮፌሰሩ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሊዩቢንካ "ቤት ውስጥ ሲዞር የእኔን ድስት ከሚተች" ብለው ኮምፒውተር ገዙላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወይዘሮዋ እፎይ አሉ፣ ከተማው ተቸገረ። አጨዋወታቸው ለብቻው ነው። ሰው ሁሉ ባለፋኖሱን ሲያስሮጠው እሳቸው ያራምዱታል። "ሰው ቤት ገብቶ ይሮጣል እንዴ? አሳዳጊ የበደለው!" ይላሉ። ሌላው ሰው በምሳ ሰዓት የሚጨርሰውን ሌቭል እሳቸው ሳምንት ይፈጁበታል፤ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ጥግ ለጥግ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያንጋጠጡ።

ከዚያ ጥያቄያቸው ይመጣል። "እዚህ ማነው የሚኖረው?" "ይሄን ሁሉ ፋኖስ ማነው የሚያበራው?" ከሁሉም በላይ ደግሞ "ውሃው ወዴት ይሄዳል?" ፏፏቴ የሠራ ሰው ወዮለት።

አንዴ ኔቦይሻ የእሳት ቤተ መቅደስ ሠርቶ አመጣ። ወለሉ እሳተ ገሞራ፣ ጣሪያው ነበልባል። ሰዉ "ኦሆሆ!" አለ። ፕሮፌሰሩ እሳቱ መሐል ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

"ይሄ ሁሉ ሲነድ ጭሱ በየት ይወጣል?"

ኔቦይሻ ከንፈሩን ነከሰ፣ ፊቱ ቀላ፣ አልቻለም። "ፕሮፌሰር፣ አስማት ነው እኮ!"

"አስማትም ቢሆን ጭስ አለው፤ አንተም ሾርባ አለብህ።"

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ከሶምቦር ከተማ የመጣ ጎልማሳ የአፅም ዘቦች የሚጠብቁት አዳራሽ አሳየ። ፕሮፌሰሩ ገብተው ግራ ቀኙን አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ይሄ በርና ያ በር ትይዩ ተከፍቷል።"

ፕሮፌሰሩ በጣታቸው ከአንዱ በር ወደ ሌላው መስመር ሳቡ።

"ንፋስ ይመታቸዋል።"

"ማንን?" አለ ሰውዬው፣ ሕጉን ረስቶ።

"ዘቦቹን ነዋ።"

"ፕሮፌሰር፣ አፅም እኮ ናቸው! ከሞቱ ስምንት መቶ ዓመታቸው ነው!"

"ታዲያ በምን የሞቱ ይመስልሃል?"

እንግዲህ በሌላ አገር ቢሆን ሰው ይስቅ ነበር። እዚያ ግን ትይዩ የተከፈተ በርና መስኮት ጎልማሳ ሰው አልጋ ላይ እንደሚጥል ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ሾርባ የምታማስለዋ ሴትዮ ሳትቀር ራሷን ነቀነቀች። ከዚያች ቀን ወዲህ ኖቪ ሳድ ውስጥ የሚሠራ ሌቭል ትይዩ በር የለውም። ብራዚልና ጃፓን ያሉ ተጫዋቾች የነዚህ ሰዎች ኮሪደር ሁሉ ለምን እንደሚጣመም እስከ ዛሬ ግራ ይገባቸዋል።

ግራ መጋባትን ካነሳን የዳኒካን ያህል ግራ የተጋባ የለም። ዳኒካ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ሴት ናት። ሥራዋ ጥሩ ሲሆን ማንም አያየውም፤ የሚታየው ሲበላሽ ነው። ሰው የእሷን ጥርስ አፉ ውስጥ ይዞ ከተማውን ሁሉ እየሳቀ ይዞርበታል፣ "የማን ሥራ ነው?" ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ሌቭል መሥራት የጀመረችው ለዚሁ ይሆናል። እሷ ራሷ እንዲህ ብላ አታውቅም እንጂ።

የመጀመሪያ ሌቭሏን ስታመጣ ፕሮፌሰሩ አንድ ተራ የእንጨት በር ፊት ቆመው ብዙ አዩትና "ይሄ በር ያፍራል" አሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም። ቤቷ ገብታ በሩን አፍጥጣ አየችው። ምን አድርጎ ነው የሚያፍረው? ቀለሙን ቀየረች። እጀታውን ወደ ግራ አደረገች። በመጨረሻ ተናዳ ትንሽ ወደ ፊት ጎተተችውና ተወችው። በሚቀጥለው ወር ፕሮፌሰሩ አልፈውት ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ። "አሁን ኮራ" አሉ። ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ አልገባትም፤ ግን በሩን ባየችው ቁጥር እውነትም የኮራ ይመስላታል። ይኼ ነው የሚያበሽቀው።

ነጥባቸው ደግሞ የታወቀ ነው። ኪቦርዱን ገፋ ያደርጉና፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉና፣ "ሦስት ከአሥር፤ ግን በፍቅር" ይላሉ። አራት የሰጡት በሕይወታቸው አንዴ ነው፤ የተቀበለው ሰውዬ ጉራው እስካሁን አልበረደም።

ዳኒካ ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ሌቭል ላይ ተጣደች። ውሃ የዋጣት ከተማ ነች፤ ወንዝ ሥር፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ መስኮቶቿ ሁሉ ፋኖስ የሚበራባቸው። በየዓመቱ ከየአገሩ የተመረጡ ሌቭሎች አንድ ላይ ተጠርዘው ለዓለም ይለቀቃሉ፤ ከኖቪ ሳድ የሚላከው አንድ ብቻ ነው፣ የመላኪያው ቀንም የሰኔ መጀመሪያ ነበር። የእሷ እንዲሄድ ሁሉም ተስማምቷል። ለጓደኞቿ ሁሉ አሳየች፤ ሁሉም በሩጫ ጨርሰው "ሱፐር!" አሏት። ሱፐር! በዚህ ቃል ምን ይደረጋል? ቢበሉት አይጠግቡበት፣ ቢለብሱት አይሞቅ። ሥራዋ ይረባ አይረባ እንደሆነ ሳታውቅ ዓለም ፊት መላክ አልሆንልሽ አላት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያይላት ነው የፈለገችው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ እያንገሸገሻት ታውቃለች።

ክፋቱ ፕሮፌሰሩ ከገና ወዲህ ዓሣ ቤቱን ረግጠው አያውቁም። "ንፋስ መቶኝ ነው" ይላሉ በስልክ። ማን ይጠረጥራል? ዳኒካ ሌቭሉን በኢሜይል ላከችላቸውና ጥፍሯን እየበላች ጠበቀች። መልሱ መጣ።

"ውድ ዳኒካ፣ በጣም ቆንጆ ነው። የድንጋይ ሥራው ልብ ይነካል፣ መብራቱም ደስ ይላል። ምንም የምለው የለኝም። ዘጠኝ ከአሥር።"

ደግማ አነበበችው። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ደግማ አነበበችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን በየት በኩል እንደሚመጣ ጠፋት። ወደ ኔቦይሻ ሮጠች። አውቶቡሱን አቁሞ ሳንድዊች እየገመጠ ነበር። አነበበና ማላመጡን አቆመ።

"ሊሞቱ ነው" አለ።

"ምን ትላለህ አንተ!"

"እውነቴን ነው። ሰው ሊሞት ሲል ደግ ይሆናል። አጎቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ከማዘጋጃ ቤት ጋር ታርቋል።"

"ምናልባት ወደውት ይሆናላ!"

"ዳኒካ" አለ፣ አዘነላት። "'ውሃው ወዴት ይሄዳል' አላሉም። ከተማዋ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነች፣ እና ውሃውን አላነሱም። ሐኪም ይጠራ።"

ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። አንዱ "ሌላ ሰው ነው የጻፈው" አለ፤ ሌላው "ሃይማኖት ቀይረው ይሆናል" አለ፤ ያ ባለ አራቱ ሰውዬ ደግሞ ዘጠኝ የሚባል ቁጥር መኖሩን ሲሰማ ታመመ። ዳኒካ ግራ ሲገባት ቢያንስ ዘጠኝ ያሰጣትን ነገር ልየው ብላ የላከችውን ሌቭል ከፈተች።

ወይ ጉዷ!

የተሳሳተውን ነበር የላከችው። የመጨረሻውን ሳይሆን ጅምሩን፤ ድንጋይ ያልለበሰውን፣ መብራቱ ያልገባበትን። ይህ ሌቭል ሠሪዎችን ብቻ የሚያጋጥም ቅሌት ነው፦ ግድግዳው ድንጋይ ሲያጣ ኮምፒውተሩ በራሱ ሥልጣን ደማቅ ሮዝና ጥቁር ዳማ ያለብሰዋል፤ ሠሪው ሳያየው እንዳያልፍ ተብሎ ዐይን እስኪያወጣ ድረስ። ከተማዋ በሙሉ፣ ከደወሉ ግንብ እስከ ገበያው፣ ሮዝና ጥቁር ዳማ ነበረች። አንድም ጥላ፣ አንድም ፋኖስ የለባትም።

"የድንጋይ ሥራው ልብ ይነካል።" ዳኒካ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አንዲት ጡብ ዘመም ብላ ስላዩ ሁለት ነጥብ የቀነሱ ሰው! ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ቆመ። ይህን ግድግዳ አይቶ ድንጋይ ነው የሚል አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው። ካፖርቷን አነሳችና የዳኑብን ድልድይ ተሻግራ ፔትሮቫራዲን የሚባለው ሰፈር፣ ፕሮፌሰሩ ቤት ሄደች።

ወይዘሮ ሊዩቢንካ በሩን ከፈቱ፣ የእንግዳ ነጠላ ጫማ እግሯ ሥር አደረጉላት፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ በዐይናቸው ወደ ውስጥ አመለከቷት። ፕሮፌሰሩ ስክሪኑ ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ጠፍቷል።

"ማነው?"

"ዳኒካ ነኝ፣ ፕሮፌሰር።"

"ዳኒካ! ግሩም ሥራ ነው ልጄ፣ ግሩም። ደግሜ ደግሜ አየሁት።"

"ድንጋዩ... ቀለሙ አልከበደም?"

"ኧረ ምን ሲደረግ! ደህና ግራጫ። ረጋ ያለ፣ ጨዋ ግራጫ። ዐይኔን ግንባር ያድርገው!"

"ኧረ በዚህስ አትማል አንተ ሰው!" ብለው ወይዘሮዋ ከበሩ ጮኹ፤ ጮኸውም ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት፤ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ ሁሉም ሰው ያውቃል።

"የዐይን ሞራ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሁለቱንም። ከገና ወዲህ ጉም ብቻ ነው የማየው። መልእክቱንም እኔ እየነገርኳት የጻፈችው ሊዩቢንካ ነች።"

"ሞራ እኮ ይነሳል! የጎረቤቴ እናት ጠዋት ገብተው ከሰዓት ወጥተዋል!"

"ሄጄ ነበር" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በዳሰሳም ቢሆን ክሊኒኩን አየሁት። መግቢያው ጠባብ፣ ኮሪደሩ ረጅም፣ ወንበሩ ጀርባውን ለመስኮት የሰጠ። መሬት ላይ የተሳለው ቀስት፣ ሊዩቢንካ እንዳለችኝ፣ ግድግዳ ጋ ሄዶ ይቆማል። መውጫው የት እንደሆነ አንድም ምልክት የለም። እንዲህ ዓይነት ሌቭል ውስጥ፣ ልጄ፣ ሰው ይሞታል። ተመለስኩ።"

"ፈርቶ ነው" አሉ ወይዘሮ ሊዩቢንካ።

"ፈርቼ ነው" አሉ ፕሮፌሰሩም።

ዳኒካ ማዘን ነበረባት፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው። "እና ዘጠኝ ለምን ሰጡኝ?"

"ካላየሁት ሥራ ላይ ምን ብዬ እቀንሳለሁ? አለማየት የእኔ ጥፋት ነው፣ የአንቺ አይደለም። አንዷን የቀነስኳት ሰው እንዳይጠረጥር ብዬ ነው።"

"ሁለት ዓመት፣ ፕሮፌሰር!" ድምጿ ተሰበረ። "ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ይቺን ነው? 'ቆንጆ ነው' የሚለኝ ሰውማ ሞልቷል! ሁሉም እየሮጠ አልፎ 'ሱፐር' ይለኛል! እርስዎ ነዎት አንድ በር ላይ ግማሽ ቀን የሚቆሙት! እርስዎም ካላዩት ማን ሊያይልኝ ነው?" አለችና እንደ ልጅ አለቀሰች። ወይዘሮ ሊዩቢንካ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ሌላ ጥንድ ነጠላ ጫማ አመጡላት።

ፕሮፌሰሩ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

"ቁጭ በይ። ተናገሪ።"

"ምን ልናገር?"

"ሌቭሉን። ከበሩ ጀምሪ።"

"ሠሪ አይናገርም እኮ።"

"ሾርባውን ትጋብዣለሽ። ጀምሪ አልኩ።"

ዳኒካ አፍንጫዋን ጠረገችና ጀመረች። ፕሮፌሰሩ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው ባለፋኖሱን የሚያራምዱባትን ቁልፍ ቀስ እያለ ይጫናል።

"በወንዙ ወለል ላይ ትልቅ የድንጋይ በር አለ። ግማሹ አሸዋ ውስጥ ገብቷል..."

"ቀስ! ምን ያስሮጥሻል? አሸዋው ላይ የእግር ዱካ አለ?"

"የለም።"

"እሺ። ገባሁ።"

"መንገዱ ወደ ገበያው ይወርዳል። ግራና ቀኝ ቤቶች..."

"መስኮቶቹ ትይዩ ናቸው?"

"አይደሉም!" አለች ፈጠን ብላ።

"ጎበዝ። ቀጥዪ።"

ቀጠለች። ገበያውን፣ የደወሉን ግንብ፣ ድልድዩን አወራችላቸው። እያወራች ደግሞ የራሷን ሌቭል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው መሰላት፤ ያላስተዋለችው ደረጃ፣ ለምን እንደሠራችው የማታውቀው ጓዳ ትዝ አላት። ፕሮፌሰሩ ገና ገበያው ጋ ሳሉ ሁለት ጊዜ "ኧረ በሕግ!" ብለዋል፤ ዳኒካ በእያንዳንዱ ልቧ እየሞቃት ሄደ።

"ቆይ" አሉ ድንገት። "በየመስኮቱ ፋኖስ አለ ብለሻል።"

"አዎ።"

"እዚህ ማነው የሚኖረው?"

"ማንም። ውሃ የዋጣት ከተማ ነች፤ ሁሉም ሄዷል።"

"ፋኖሱን ታዲያ ማነው የሚያበራው?"

የዳኒካ አፍ ሳታስበው ተከፈተ። "አንዲት ሴትዮ ነች" አለች። "ሁሉም ሲሄድ እሷ ቀረች። በየማታው እየዞረች ታበራዋለች። ምናልባት ሰው ቢመጣ ብላ።"

ይህን ከየት እንዳመጣችው እሷም ግራ ገባት። ሌቭሉ ውስጥ ሴትዮ የሚባል ነገር የለም። ፕሮፌሰሩ አልሳቁም።

"የት ነው የምትተኛው?"

"እ?"

"ሴትዮዋ። ከተማውን ሁሉ አብርታ ስትጨርስ የት ነው ጎኗን የምታሳርፈው?"

"አልሠራሁላትም" አለች ዳኒካ በቀስታ።

"ይኸውልሽ!" ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ከገና ወዲህ ፊታቸው እንዲህ በርቶ አያውቅም። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሴትዮዋን በእግሯ አቁመሽ! ሰው ነሽ አንቺ? አልጋ ስጫት እንጂ!" ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ቢሆንም... አራት ከአሥር።"

ከወጥ ቤት አንድ ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

ዳኒካ ተነሣች። "አልጋውን እሠራላታለሁ" አለች። "እርስዎ ደግሞ ዐይንዎን ያሠሩና ዓሣ ቤት መጥተው፣ ሰው ፊት፣ በዐይንዎ ያዩታል። እርስዎ ሳያዩት የትም አልልከውም። ቀኑ ካለፈም ይለፍ።"

"ያንን ክሊኒክ..."

"አብሬዎት እገባለሁ። ኮሪደሩን እያወራሁልዎት።"

ፋሲካ እንዳለፈ ገቡ። ነርሶቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ነገር ነው፦ አንዲት ሴት የአንድ ሽማግሌ ክንድ ይዛ "አሁን በስተቀኝ በር አለ፣ ተዘግቷል፤ ፊት ለፊት አንዲት ነርስ ትመጣለች፣ ጠላት አይደለችም" እያለች ስታልፍ፣ ሽማግሌው ደግሞ "ይህን ኮሪደር ማነው የሠራው? መብራቱ ለማን ነው የሚበራው?" እያሉ ሲጮኹ። የቀኝ ዐይናቸው በዚያው ጠዋት ተሠራ፤ ግራው ለበጋ ተቀጠረ። ሲወጡ ኔቦይሻ አውቶቡሱን በር ላይ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። "እንዴት ነበር ፕሮፌሰር?" ሲላቸው "አንድ ከአሥር፤ ያለ ፍቅር" አሉት።

የመላኪያው ቀን ሊደርስ ሲል የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መጣ። ዓሣ ቤቱ ጢም ብሏል። ፕሮፌሰሩ ሲገቡ ሰዉ ብድግ አለ። ኔቦይሻ ግን አላስቀምጣቸው አለ፤ መጀመሪያ ያንን ሮዝና ጥቁር ዳማ ከተማ ስክሪኑ ላይ ከፈተው።

"ፕሮፌሰር፣ ዘጠኝ የሰጡት ይሄን ነው!"

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ፕሮፌሰሩ በአዲሱ ዐይናቸው አተኩረው አዩት። ብዙ አዩት።

"ትይዩ በር የለውም" አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ እውነተኛው ተከፈተ። ዳኒካ አጠገባቸው ሆና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፕሮፌሰሩ በድንጋዩ በር ገቡ፣ ገበያውን ግድግዳ ለግድግዳ ዞሩ፣ የደወሉን ግንብ አንጋጠጡ። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ማንም አልተነሣም። በመጨረሻ ከድልድዩ ሥር፣ የቧንቧ ክፍል ከሚመስል ነገር ጀርባ፣ ሌላው ተጫዋች ሁሉ ሮጦ የሚያልፋትን ትንሽ በር አገኟት። ገፏት።

ክፍሏ ጠባብ ነች። አንድ አልጋ፣ ብርድ ልብሱ ግማሹ የተገለጠ። አንዲት መስኮት። አልጋው ሥር ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል፤ አንዱ ያረጀ፣ አንዱ የእንግዳ፣ ማንም ያልረገጠው።

ባለፋኖሱ እዚያ ቆመ። ፕሮፌሰሩም ከኪቦርዱ ላይ እጃቸውን አነሡ። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን ያያል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉት፣ አንድ ዐይን ለመጥረግ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

"ሦስት ከአሥር" አሉ፣ ድምፃቸው ሻከረ። "ግን በፍቅር።"

"ምን?" ኔቦይሻ ወንበር ገልብጦ ተነሣ። "ስታወራልዎት አራት ብለው የለ!"

"ስታወራው ይሻል ነበር።"

"አቤት ፍርድ! ደግሞ ገና በአንድ ዐይን ነው፤ ግራው ሲሠራ ሁለት ሊሉ ነው!"

"ይሆናል" አሉ ፕሮፌሰሩ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። "እዩት እስቲ። መስኮቱና በሩ ትይዩ ናቸው። ይቺ ምስኪን ሴት ከተማ ሙሉ አብርታ፣ ደክሟት ገብታ፣ ጎኗን ባሳረፈችበት ንፋስ ይመታታል። ማን አላት? ማን ሾርባ ያመጣላታል?"

ዳኒካ ለምን እንደሆነ አልገባትም። ሦስት ነው የሰጧት፤ ደግሞም ከአራት ዝቅ ብሎ። ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞልቶ ሞልቶ አላስቀምጣት አለ፤ እጆቿ ከአፏ ላይ በራሳቸው ወረዱ።

"እዘጋዋለሁ!" ብላ ጮኸች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። "ፕሮፌሰር፣ መስኮቱን ዛሬውኑ እዘጋላታለሁ!"

ክቡር ፕሮፌሰር ስቬቶዛር በአንድ ዐይናቸው በኩራት አዩዋትና ወደ ድስቱ ዞሩ።

"ሠሪ ተናገረ" አሉ። "ሾርባ ለሁሉም!"